ከመሃሉ የሚነበብ አድራሻ

እትዬ ሃሎን በሰፈሩ በትክክለኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው የለም። ቢጠራቸውም ዞር ማለታቸው ያጠራጥራል። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው በቀን ስንትና ስንት መቶ ጊዜ «ሃሎ» ሲሉ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ በር ሲንኳኳ «ሃሎ» ብለው ይከፍታሉ፤ ከሽንኩርት ሻጯ ጋር ሲከራከሩም መነሻቸው «ሃሎ» ነው። ድምፃቸው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ስልሳ ሦስት ዓመት የኖረ አይመስልም። ሌላው ሰውነታቸው ሲያረጅ እሱ ወሬው አልደረሰውም። ዛሬም በስልክ የሚያገኛቸው እንግዳ ሰው «እናትሽ ቤት አሉ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም ደስ ካላቸው «ወጥተዋል» ይሉታል።

የሠሩበት ክፍል ረጅምና ጠባብ ነበር። አሥራ አንድ ሴቶች ከፍ ባሉ ወንበሮች ላይ ተደርድረው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቀመጣሉ። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሰሌዳ አለ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ቤት ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ነው። ትንሿ መብራት ብልጭ ስትል አንዱን ገመድ ይሰካሉ፣ ቁጥር ይጠይቃሉ፣ ሌላውን ገመድ ይሰካሉ፣ «ይነጋገሩ» ይላሉ፣ ሁለት ሰው ይገናኛል። ዓይን የሚያፈዝ፣ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው።

የፈረቃው አለቃ ከእጃቸው ማስመሪያ የማይለይ ሴትዮ ስለነበሩ ስማቸው ማስመሪያ ሆኖ ቀረ። ማስመሪያ ሁለት ሕግ ነበራቸው፤ ሁለቱንም ጠረጴዛ እየመቱ ነው ያስተማሩት። የመጀመሪያው፣ ደንበኛው የነገረሽን ቁጥር መልሰሽ ስታነቢለት ከመሃሉ ጀምሪ የሚል ነው። «ሰው ሲጀምር ነቅቶ ነው፤ ሲጨርስም ይነቃል» ይሉ ነበር። «መሃል ላይ ሐሳቡ ገበያ ይሄዳል። ስህተት የምትገባው በዚያ በኩል ነው። አንቺ እዚያ ቆመሽ ጠብቂያት።»

ይኼ ሕግ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። እትዬ ሃሎ ሥራ ሳይጀምሩ በፊት፣ ምጥ ለያዛት ሴት አዋላጅ ፍለጋ የተደወለ ስልክ መሃሉ ላይ ባለች አንዲት ቁጥር ስህተት ወፍጮ ቤት ገባ። ማሽኑ የሚጮኽበት ወፍጮኛ ምኑንም ሳይሰማ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ዘጋ። ባልየው ሚስቱን «እየመጡ ነው» እያለ፣ ወፍጮኛው ሠራተኞቹን «እህል እየመጣ ነው» እያለ፣ ሁለቱም ደጅ ደጁን ሲያዩ ዋሉ። ሕፃኑ ማንንም ሳይጠብቅ መጣ። እናትየዋ በስንት ጣር ተርፋለች፤ ስልኩን ያገናኙት ማስመሪያ ግን ያቺን ቁጥር እስከ መጨረሻ ቀናቸው አልረሷትም።

ሁለተኛው ሕግ አጭር ነው። ሰዎቹ ከተገናኙ ጆሮሽን አንሺ። የሰው ወሬ የሰው ነው። እትዬ ሃሎ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ካገናኟቸው ሰዎች ሁሉ የሰሙት የመጀመሪያዋን «እንዴት ነህ»ን ብቻ ነው፤ ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሯቸው ያነሣሉ። ከዚያች ከአንዷ «እንዴት ነህ» ብቻ ስንት ነገር እንዳወቁ ቢናገሩ ሰፈር ይታመስ ነበር፤ ደግነቱ አይናገሩም።

በኋላ ማሽን መጣ፣ ሰሌዳው ተነቀለ፣ ሴቶቹ ተበተኑ። ለእትዬ ሃሎ የቀራቸው በዜማ የተሸመደደ የሁለት ሺህ ደንበኛ ቁጥር ነው። ባለቤቶቹ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ስልክ ቀይረዋል፤ ቁጥሮቹ ግን እሳቸው ልብስ ሲያጥቡ እየመጡ ያስቸግሯቸዋል።

አብራቸው የምትኖረው የሟች እህታቸው ልጅ ናት። ቁመቷ አልረዝም ስላለ ከልጅነቷ ጀምሮ ሚጡ ትባላለች፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አሁንም ሚጡ ናት። የምትሠራው ከመነጽር ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ አምስት ሆነው የክሪፕቶ ዋሌት ይሠራሉ። እትዬ ሃሎ ይኼን ነገር እስኪረዱ ወር ፈጅቷል። ባንክ የሌለው፣ መስኮት የሌለው፣ በኮምፒውተር መረብ ላይ ብቻ የሚኖር ገንዘብ አለ፤ ዋሌቱ ደግሞ እሱ የሚያዝበት በስልክ ውስጥ ያለ ቦርሳ ነው። «ቦርሳው አይታይም፣ ገንዘቡ አይታይም፣ ደመወዝሽስ ይታያል?» ብለው ጠይቀዋት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚጡ የአክስቷን ስልክ ተቀብላ አንድ ነገር ጫነችበትና መልሳ ሰጠቻቸው።

«ነይ አክስቴ፣ አንቺም ይኑርሽ። ይችን ንኪያት።»

ነኳት። ስልኩ ላይ ከላይ እስከ ታች ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም ነገር ወጣ። ድመት ኮምፒውተር ላይ የተራመደች ይመስላል።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«አድራሻሽ። ሰው ገንዘብ ሲልክልሽ ወደዚህ ነው የሚልከው።»

«ማን ሰጠኝ?»

«ማንም።»

«የት ተመዘገበ ታዲያ?»

«የትም። ስልክሽ አሁን ዕጣ አወጣ፤ የወጣው ያንቺ ነው፣ አለቀ።»

እትዬ ሃሎ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። ይኼን የሚያደርጉት ሰው ሲዋሻቸው ነው።

«ሌላ ሰው ይችኑ ቢያወጣስ?»

«አያወጣም።»

«ማን ከልክሎት?»

«ብዛቱ ነዋ» አለች ሚጡ። ከወንበሯ ተነሥታ እጇን ዘረጋች፤ ሥራዋን ስታስረዳ ቁጭ ማለት አትችልም። «ስሚኝ አክስቴ። ዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ የተወለደው ጨቅላ ሳይቀር፣ ሥራውን ትቶ በየሰከንዱ አንድ አንድ ዕጣ ቢያወጣ፣ ፀሐይ ተቃጥላ እስክታልቅ ድረስ ሳይተኛ ቢያወጣ፣ ያንቺን አያገኛትም። ስለዚህ ጠባቂም መዝገብም አያስፈልጋትም።»

እትዬ ሃሎ ስልኩን ይዘው ደጃፉ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። በእሳቸው ጊዜ ቁጥር ማለት የሚጠበቅ ነገር ነው። አንድ አናጢ ነበር፣ በየዓመቱ ያችኑ ግራጫ ኮት ለብሶ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ይመጣና «ቁጥሬ ደረሰ?» ይላል። «ቁጥር አልቋል» ይሉታል። ስምንት ዓመት ተመላለሰ። በዘጠነኛው ዓመት ቁጥሩ ደረሰ፤ ደብዳቤው ቤቱ ሲሄድ ሚስቱ ናት የተቀበለችው፣ እሱ ካረፈ አራት ወሩ ነበር። አሁን ያን ሰውዬ አሰቡት። ማለቂያ የሌለው ቁጥር ዕጣ ብቻ እየጠበቀ፣ እሱን «አልቋል» ሲሉት ኖረዋል። ፈሩም፣ ደነቃቸውም፣ ትንሽም አለቀሱ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው በአጥሩ በኩል «ምን ሆኑ?» ስትላቸው «ቁጥር ወጣልኝ» አሏት። እሷም ሎተሪ መስሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት።

እንግዲህ ሰው አስገራሚ ነገር ሲያገኝ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ አድንቆ ይተዋል፣ አንዱ ሥሩን ካልቆፈረ እንቅልፍ አይወስደውም። እትዬ ሃሎ ሁለተኛው ናቸው። ሰኞ ጠዋት ሚጡን ተከትለው መሥሪያ ቤቷ ሄዱ።

ክፍሏ ትንሽ ናት። አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ የማይዘጋ በር። በአንደኛው ግድግዳ ላይ ገንዘባቸው የጠፋባቸው ደንበኞች የጻፉት መልእክት እየታተመ ተለጥፏል። ይኼን ያስለጠፈው ረጅሙ የሚሉት አለቃቸው ነው፤ «ወደ ሥራ ስንገባ እያየነው እንግባ» ብሎ። አንዷ የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ አንዱ ጎማ የሚገዛበትን፣ ሁሉም ወደ ተሳሳተ አድራሻ ልከው ነው የጠፋባቸው። በዚህ ገንዘብ ደግሞ አንዴ የተላከ አይመለስም። የሚደወልለት አለቃ የለም፣ የሚጻፍለት ማመልከቻ የለም።

እትዬ ሃሎ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው አድራሻዎቹን አዩ። የእያንዳንዱ መጀመሪያ አራት ፊደል ይታያል፣ ከዚያ ሦስት ነጥብ፣ ከዚያ መጨረሻው አራት ፊደል።

«መሃሉን የት አደረሳችሁት?»

«ሸፍነነው ነው ማዘር» አለ ረጅሙ። «ሰው ረጅም ነገር ሲያይ ይሰለቻል። ጫፍና ጫፉን አይቶ ይልካል።»

«ሲሳሳትስ እንዴት ነው የሚሳሳተው?»

ረጅሙ አስረዳቸው። ሙሉውን አድራሻ ማስመሰል የሚችል ሌባ አልተፈጠረም፣ አይፈጠርምም። ጫፍና ጫፉን ብቻ ማስመሰል ግን ለጥሩ ማሽን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሌባው እንደዚያ ያለ አድራሻ ያወጣና በእሱ በኩል ለሰውየው ቅንጣት ታህል ገንዘብ ይልክለታል። ቅንጣቷ የሰውየው ዝርዝር ውስጥ ትገባለች። በሌላ ቀን ሰውየው ለዘመዱ ሊልክ ሲል ከዝርዝሩ ላይ ጫፍና ጫፉን አይቶ ይነካና ለሌባው ይልካል።

«እኮ» አሉ እትዬ ሃሎ። «ታዲያ ሌባው የሚያስመስለውን እያሳያችሁ፣ የማይችለውን ትሸፍኑለታላችሁ?»

እትዬ ሃሎም የማስመሪያን ሕግ ነገሯቸው፣ የወፍጮ ቤቱንም ጭምር። ሳቁ፣ ሻይ አስመጡላቸው፣ ረጅሙም «እናስብበታለን ማዘር» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈ። እትዬ ሃሎ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። «እናስብበታለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

ቤታቸው ሲመለሱ ግን አንድ ነገር እንደ ውርደት ከነከናቸው። የራሳቸውን ቁጥር በቃላቸው አያውቁም። የሁለት ሺህ ሰው ቁጥር የያዘ ጭንቅላት፣ ፀሐይ እስክትጠፋ ሌላ ሰው የማያገኛትን የራሱን ቁጥር ሳይዝ ሊቀር? ማጥናት ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች በቀር፣ እነሱ ለሁሉም ሰው አንድ ናቸው፣ አድራሻው አርባ ቦታ አለው። የሚሞላውም ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ባሉት ቁጥሮችና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት ስድስት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብቻ ነው። ለስድስቱ ፊደሎች ከወጥ ቤታቸው ስም አወጡላቸው። ኤ ዓሣ፣ ቢ ቢላዋ፣ ሲ ሲኒ፣ ዲ ድስት፣ ኢ እንቁላል፣ ኤፍ ፍም። አርባውን በአራት በአራት ከፍለው አሥር ቤት አደረጉት፤ ዜማም ሰጡት። በአራተኛው ቀን ሚጡ ሥራ ስትሄድ በሩ ላይ አቁመው ከመሃሉ ጀምረው እስከ ዳር፣ ከዚያ ከመጀመሪያው፣ አንድ ሳይስቱ በቃላቸው ወጡት። ሚጡ ስልኩን ይዛ እያየች አፏን ከፍታ ቀረች። እሷ ከሁለት ዓመት በላይ ከነዚህ አድራሻዎች ጋር ስትውል የአንዱንም መሃል በቃሏ ይዛ አታውቅም።

አሁን ስለ ወንድማቸው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው።

ወንድማቸው የመርከብ ምግብ አብሳይ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ የካርቶን ሻንጣ ይዞ ወጣ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ባሕር ላይ ኖረ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ነው ቤት የመጣው፣ ሁለቱም ለቀብር። ከእትዬ ሃሎ ጋር የሚያገናኛቸው ከየወደቡ የሚደውላት ስልክ ናት፤ እሷም «ደህና ነሽ እትዬ?» «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» «ደህና» ተባብለው ሳንቲሙ የሚያልቅባት ስልክ ናት። ያጠራቀመውን ክሪፕቶ ያደረገው በምርጫው አይደለም። በየወደቡ ባንክ ሲገባ «የት ነው የሚኖሩት?» ይሉታል። «መርከብ ላይ» ይላል። ይስቁና ይሸኙታል። ቦርሳው ግን የት ትኖራለህ አላለውም። የሚጡ መሥሪያ ቤት የሠራውን ዋሌት የጫነችለትም ሚጡ ናት፣ በስልክ እየነገረች።

ባለፈው ዓመት ዓይኑን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ ጨውና ስኳር ተምታታበት፤ ካፒቴኑ ስኳር ስኳር የሚል ሾርባ ጠጥቶ ዝም አለ። ቀጥሎ ጣቱን ቆረጠ። የመርከቧ ሐኪም አይቶት ሥራ እንዲያቆም ወሰነ፤ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ከመጨረሻው ወደብ ይወርዳል። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ሕክምናው የሚከፈለው ካጠራቀመው ነው። ከዚያ የተረፈው ስምንት ጠረጴዛ ላላት ምግብ ቤት ነው፤ ጠረጴዛዎቹን ሳይቀር በሐሳቡ አስቀምጧቸዋል። በደብዛዛ ዓይን ወደብ ለወደብ ሲሄድ ስልኩ ቢሰረቅ ሁሉም ነገር አለቀ። ስለዚህ መርከቧ ሳትነሣ ያለውን ሁሉ ወደ እህቱ አድራሻ ሊያዛውር ተስማሙ። ሚጡ የአክስቷን አድራሻ በመልእክት ላከችለት፤ ለሙከራ ጥቂት ላከ፣ ደረሰ።

በነዚያ ቀናት በደወለ ቁጥር እትዬ ሃሎ የወጥ ቤቱን ፊደል አስተማሩት። ሥራው ስለሆነ ወዲያው ያዘው። ልብስ ሰፊዋ «እንቁላል፣ እንቁላል፣ ስምንት፣ ሲኒ» ሲሉ በአጥሩ ሰምታ «እንግዳ አለብዎት እንዴ? ድስት ላበድርዎት?» ብላ ጠየቀች።

ዋናው ገንዘብ የሚላክበት ቀን ሐሙስ ነበር። ረፋዱ ላይ ደወለ። ከኋላው የሰንሰለት ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ፣ ሃያ ደቂቃ ነው ያለኝ። ከተነሣን መረብ የለም፤ ከዚያ በኋላ የምንቆመው እኔ የምወርድበት ነው። አዘጋጅቼዋለሁ። ልጫነው ነው።»

«የትኛውን አድራሻ አደረግህ?»

«ያንቺን ነዋ። ዝርዝሩ ውስጥ ከላይ አለ፣ እሱን ነካሁት። በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ። መጀመሪያው ሰባት፣ ዓሣ፣ ድስት፣ አራት። መጨረሻው ሁለት፣ ፍም፣ ዘጠኝ፣ ቢላዋ። አልተሳሳትኩም።»

መጀመሪያው ልክ ነው። መጨረሻውም ልክ ነው። እትዬ ሃሎ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው ነበር፣ በአንድ እጃቸው የታጠበ ሳህን ይዘው። «በል ላከው» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ የማስመሪያ ጠረጴዛ ጆሯቸው ውስጥ ጧ አለ።

«መሃሉን አንብብልኝ።»

«ምን መሃል አለው፣ ሦስት ነጥብ ነው ያለው።»

«ነጥቦቹን ንካቸው፣ ይከፈታሉ።»

«እትዬ፣ ጊዜ የለኝም እኮ።»

«ንካቸው አልኩህ።»

ሲያጉረመርም ሰሙት። ቀጥሎ የማጉያው መነጽር ብርጭቆ ስልኩን ሲነካ ሰሙ። ፊደል በፊደል ነው የሚያነበው፣ በእያንዳንዷ መሃል እየተነፈሰ።

«አንድ… አንድ… ስድስት… ፍም…»

እትዬ ሃሎ ሳህኑን አስቀመጡ። እንቁላል፣ እንቁላል፣ ስምንት፣ ሲኒ መሆን ነበረበት። ግድግዳውን ተደገፉ።

«አይደለም» አሉ።

«ምኑ?»

«እኔ አይደለሁም።»

በዚያኛው በኩል የሰንሰለቱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ዓይኑ፣ ስምንቱ ጠረጴዛ፣ ሁሉም ለመጥፋት አንዲት የጣት ንክኪ ነበር የቀራቸው። መርከቧ አንድ ጊዜ ጮኸች።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እትዬ ሃሎ ግን ድምፃቸው ከሰሌዳው ፊት ተቀምጠው እንደነበረው ሆነ፤ ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል። «አጥፋው። ከእሱ ሥር ባለፈው የላክህልኝ አለ፣ እሱን ክፈት። ነጥቦቹን ንካ። ከመሃሉ ጀምር።»

«እንቁላል» አለ ወንድማቸው። «እንቁላል። ስምንት። ሲኒ።»

«ትክክል። ቀጥል።»

«ዜሮ። ሦስት። ሦስት። ድስት።»

«ትክክል።»

እሱ እያነበበ እሳቸው ከቃላቸው እየመለሱ፣ መሃሉን ጨርሰው ወደ መጀመሪያው፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ሄዱ። አሥሩ ቤት አለቀ። መርከቧ ሁለተኛ ጮኸች። እትዬ ሃሎ «ላከው» ሊሉ ነበር፤ ከአፋቸው የወጣው ግን የዱሮው ቃል ነው።

«ይነጋገሩ» አሉ።

ወንድማቸው ጫነው። ስልኩ ተቋረጠ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የእትዬ ሃሎ ስልክ እጃቸው ውስጥ ተንዘረዘረ፤ ገብቷል። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጡና ወንድማቸው ከሄደ ጀምሮ ያላለቀሱትን ሁሉ አለቀሱ።

ሚጡ ነገሩን ሰምታ ከመሥሪያ ቤቷ እየሮጠች መጣች። ሁለቱን አድራሻ ጎን ለጎን አስቀምጣ አየቻቸው። ጫፍና ጫፋቸው አንድ፣ መሃላቸው ግን በምንም አይገናኝም። የሙከራው ገንዘብ በደረሰ ማግስት ሌባው ቅንጣቱን ልኮ፣ ዝርዝሩ አናት ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነበር። «የእኛ ነጥቦች እኮ ናቸው የሸፈኑት» አለች። አክስቷን አቅፋ ረጅም ጊዜ ቆየች። በማግስቱ መሥሪያ ቤት ስትገባ የአጎቷን ታሪክ በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ከሌሎቹ ጋር ለጠፈችው፤ ከሥሩ «ይኼኛው ተርፏል» ብላ።

ረጅሙ በዚህ ጊዜ «እናስብበታለን» አላለም። በሳምንት ውስጥ ሦስቱ ነጥቦች ተነሡ። አሁን በዚያ ዋሌት ሰው ገንዘብ ሊልክ ሲል መጀመሪያ የሚከፈትለት መሃሉ ነው፣ በትልልቁ፣ በአራት በአራት ተከፍሎ። ዓይኑ ለደከመ ደግሞ ስልኩ ጮክ ብሎ ያነብለታል። የሚያነበው ድምፅ የማን እንዲሆን ስብሰባ አላስፈለገም።

እትዬ ሃሎ ለቀረጻው ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሄዱ። ሰው እንደማያያቸው ቢነገራቸውም አልሰሙም። ብዙ የሚያስነብቧቸው መስሏቸው ውኃ በጠርሙስ ይዘዋል። ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ቆጠሩ። ዓሣ፣ ቢላዋ፣ ሲኒ፣ ድስት፣ እንቁላል፣ ፍም አሉ።

«አለቀ ማዘር» አለ ረጅሙ።

«አሥራ ስድስት ቃል ብቻ?»

«አሥራ ስድስት ቃል ብቻ። ዓለም ላይ ያለውን የዚህ ዓይነት አድራሻ ሁሉ በእነዚህ ማንበብ ይቻላል። ገና ያልወጣውንም።»

እትዬ ሃሎ ውኃውን ሳይከፍቱ ተቀመጡ። ፀሐይ እስክትጠፋ ቢያወጡት የማያልቅ ቁጥር፣ ከአሥር ቁጥርና ከስድስት የወጥ ቤት ዕቃ። ዓሣ ዕቃ አይደለም፤ ግን ማን ልብ ይላል። በማያውቋቸው ከተሞች፣ በማያውቋቸው ሰዎች ጆሮ፣ ያልተወለዱ ሰዎች ሳይቀሩ ቁጥራቸውን በእሳቸው ድምፅ ይሰማሉ። ያ ግራጫ ኮት የለበሰው አናጢ ትዝ አላቸው። ተነሥተው ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆም ብለው፣ ማንም እንዳይሰማቸው ቀስ ብለው፣ «ደርሷል» አሉ።

ወንድማቸው የመጣው ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው። ሚጡ ከአውቶቡስ ጣቢያ ይዛው መጣች፣ ክንዱን ይዛ። ጸጉሩ ነጭ፣ እጁ በቢላዋና በዘይት ጠባሳ የተሞላ፣ ሻንጣው ግን አሁንም አንዲት። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ለሰኞ ነበር፤ እስከዚያ ከፊቱ የሚያየው ጥላ ብቻ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ወዲያ ወዲህ ዞር አለ።

«ሃሎ» አሉ እትዬ ሃሎ።

ፊቱ ወደ ድምፁ ዞረ፣ ፈገግ አለ። «እትዬ። ድምፅሽ አሁንም እዚያው ነው።»

አቀፉት። ምሳ በሉ፤ ጨው ሳይበዛ አይቀርም ሲል ተቸ፣ እሳቸውም ከካፒቴኑ ሾርባ እንደሚሻል ነገሩት። ሚጡ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁለቱ ወጥ ቤቱ ውስጥ ትንሿ ጠረጴዛ ዙሪያ ቀሩ። «ደህና ነሽ?» አለ፤ «ደህና ነኝ» አሉ፤ «አንተስ?» «ደህና»። ሳንቲሙ ያለቀባቸው ይመስል ዝም ተባባሉ።

ከዚያ እትዬ ሃሎ እጁን ያዙት፣ ጠባሳ ጠባሳውን።

«የሄድክበትን ቀን አውቀዋለሁ» አሉ። «እኔ ነኝ የሸኘሁህ። የመጣህበትንም ይኸው አየሁት። መሃሉን ግን አላውቀውም። መሃሉን ንገረኝ።»

ወንድማቸው የደበዘዙ ዓይኖቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ።

«እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። «እንግዲህ… አሥራ አምስተኛው ዓመት ላይ ነው፣ ክረምት ነበር…»

ሁለት ሰው ሲገናኝ እንደሚያደርጉት፣ የእትዬ ሃሎ እጅ ሳያስቡት ማዳመጫውን ሊያነሣ ወደ ጆሯቸው ሄደ። ማዳመጫ የለም። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ፤ ተመለሰና ጉልበታቸው ላይ አረፈ። ሰሙት።